በየቀኑ የምንወለውለው ወንበር ታሪክ አለው
ከሙሸይሪብ አሮጌ ቤቶች እስከ ጅማ በርጩማ፦ ስለ ጥንታዊ የሳሎን ወንበሮች ልናውቀው የሚገባ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙሸይሪብ የሜትሮ ጣቢያ ሰው ይበዛበታል። ቀዩ፣ አረንጓዴውና ወርቃማው መስመር እዚህ ስለሚገናኙ፣ ከዶሃ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚሄድ ሁሉ በዚህ ያልፋል። የእረፍት ቀን ያገኙ እህቶቻችን ነጠላቸውን ወይም ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከፊሎቹ ወደ ሱቅ ዋቂፍ ያመራሉ። ከፊሎቹ ደግሞ በረሃት ሙሸይሪብ በሚባለው አደባባይ መቀመጫ ፈልገው ያርፋሉ።

መቀመጫ ፈልጎ ማረፍ ቀላል ነገር ይመስላል። ስድስት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ሶፋ ስትጠርግ፣ ትራስ ስታስተካክልና ምንጣፍ ስታነሳ ለከረመች ሴት ግን ቀላል አይደለም። ብዙዎቻችን በአሠሪዎቻችን ሳሎን ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ከባለቤቶቹ በላይ እናውቃቸዋለን። የትኛው እግሩ እንደሚነቃነቅ፣ የየትኛው ከፋይ እንደሳሳ፣ የየትኛው ወርቃማ ቅብ ሲነካ እንደሚረግፍ የምናውቀው እኛ ነን። የማናውቀው ታሪኩን ነው። ያ ወንበር ከየት መጣ? ለምን እንዲህ ተሠራ? ለምን ማዳም «ተጠንቀቂ!» ትላለች? ደግሞስ እናታችን ቤት ጥግ ላይ የተጣለው በርጩማ ከዚህኛው በምን ያንሳል?

የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ከሙሸይሪብ ይነሳል።

ወንበር ያልነበረበት ሳሎን

ከሜትሮ ጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ሲሄዱ አራት አሮጌ ቤቶች ተጠጋግተው ይገኛሉ። የሙሸይሪብ ሙዚየሞች ይባላሉ። ስማቸው ቢን ጀልሙድ ቤት፣ ካምፓኒ ቤት፣ ሙሐመድ ቢን ጃሲም ቤትና ረድዋኒ ቤት ነው። ከአራቱ ውስጥ የቤት ውስጥ ኑሮን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራው ረድዋኒ ቤት ነው። መሐሉ ግቢ ሆኖ ክፍሎቹ ዙሪያውን የተደረደሩበት፣ የጥንቱ የኳታር ቤተሰብ እንዴት ይኖር እንደነበር የሚታይበት ቤት ነው።

በእንዲህ ያለው ቤት እንግዳ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነበር። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ከግድግዳው ጋር ፍራሽ ይዘረጋል፣ መደገፊያ ትራስ ይቀመጣል፤ በቃ። መጅሊስ የምንለው ይኸው ነው። ቃሉ በአረብኛ «ተቀመጠ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ትርጉሙም የመቀመጫ ስፍራ ማለት ነው። ኳታር፣ ሳዑዲ አረቢያ፣ የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶችና ኦማን በአንድነት አቅርበውት፣ መጅሊስ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የተመዘገበው ዕቃው ሳይሆን ተሰብስቦ የመቀመጡ፣ የመመካከሩና እንግዳ የመቀበሉ ልማድ ነው።

የሚገርመው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት «ሶፋ» የሚለው ቃል የተገኘው ከዚሁ አካባቢ መሆኑ ነው። «ሱፋ» በአረብኛ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ምንጣፍና ትራስ የሚደረግበት መደብ ነበር። አውሮፓውያን ቃሉን ወስደው የእንጨት እግርና መደገፊያ ጨመሩበት። «ዲቫን» የሚለውም እንዲሁ ነው። በፋርስኛ መዝገብንና የመንግሥት ምክር ቤትን ይጠራ ነበር፤ በኋላ በምክር ቤቱ ግድግዳ ዙሪያ ለሚደረደረው መቀመጫ መጠሪያ ሆነ። እግር ማሳረፊያዋ ትንሽ መቀመጫ «ኦቶማን» የምትባለውም ከኦቶማን ቱርኮች ስም ነው። ስለዚህ ሶፋው ከዚህ አካባቢ ወደ አውሮፓ ሄዶ፣ እግር አውጥቶ፣ ወርቅ ተቀብቶ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ወደ ዶሃ የተመለሰው ከነዳጁ ጋር ነው። ኳታር የመጀመሪያውን ድፍድፍ ነዳጅ በመርከብ ወደ ውጭ የላከችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የመጀመሪያው የነዳጅ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት የነበረውም እዚሁ ሙሸይሪብ ያለው ካምፓኒ ቤት ነው። ቢሮ ሲመጣ ጠረጴዛና ወንበር መጣ። ቀጥሎ መብራት መጣ፤ በዚሁ ሰፈር ያለው የካህራባ ጎዳና ስሙን ያገኘው ከመብራቱ ነው፤ ካህራባ በአረብኛ ኤሌክትሪክ ማለት ነውና። ገንዘብና መብራት ባለበት ደግሞ ትልቅ ሳሎን፣ በትልቅ ሳሎን ውስጥም የፈረንጅ ወንበር መከተሉ አልቀረም።

«ፎቴ» ብለን የጠራነው

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ወላጆቻችን ባለ ክንድ መደገፊያውን ለስላሳ ወንበር «ፎቴ» ሲሉት ሰምተናል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ከገቡት የቤት ቃላት አንዱ ሲሆን፣ «ቡፌ»ም ዘመዱ ነው። ፈረንሳዮች ክንድ ማሳረፊያው ክፍት ሆኖ በክንዱና በመቀመጫው መካከል አየር የሚያሳልፈውን «ፎቴይ» ይሉታል። ጎኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ድፍን የሆነውንና ወፍራም ትራስ ያለውን ደግሞ «ቤርጄር» ይሉታል። ነገ ጠዋት ሳሎኑን ስታጸዱ ጎኑን ተመልከቱና ለዩት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳሎኖች በብዛት የሚታየው ወርቃማ ወንበር መነሻው የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ነው። ለመለየት እግሩን ማየት ይበቃል። እግሩ እንደ ፍየል እግር ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ የሚወርድ፣ ቅርጹም ቅጠልና ቀንድ አውጣ የሚመስል ከሆነ፣ ከ1715 እስከ 1774 የነገሠው የሉዊ 15ኛ ዘመን ስልት ነው። እግሩ ቀጥ ያለ፣ እንደ ምሰሶ ከላይ ወደ ታች የተቦረቦረ ከሆነ የተከታዩ የሉዊ 16ኛ ስልት ነው። ከሁለቱ በፊት የነበረው የሉዊ 14ኛ ወንበር ደግሞ ከባድ፣ ቀጥ ያለና ከፍ ያለ መደገፊያ ያለው ነው።

በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት፣ በቬርሳይ፣ ማን ምን ላይ ይቀመጣል የሚለው ጥብቅ ሕግ ነበረው። ባለ ክንድ ወንበር የንጉሡና የንግሥቲቱ ነው። በንግሥቲቱ ፊት መደገፊያ በሌላት ትንሽ ዱካ ላይ መቀመጥ ራሱ ትልቅ ክብር ስለነበር ለመስፍን ሚስቶችና ለመሰል ከፍተኛ ሴቶች ብቻ ይፈቀድ ነበር። ሌሎቹ እመቤቶች፣ ሐር ለብሰውና ዕንቁ አድርገውም ቢሆን፣ ለሰዓታት ይቆሙ ነበር። ወንበር ከጥንት ጀምሮ ማረፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማን ከማን እንደሚበልጥ መናገሪያም ነበር።

በፈረንሳይ እግር ዘርግቶ ጋደም የሚባልበት ረጅም ወንበርም በዚያው ዘመን ተስፋፋ። «ሼዝ ሎንግ» ይባላል፤ «ረጅም ወንበር» ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ ከራስ ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው ወንበር ተሠራ። ክንፉ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቤታቸው ቀዝቃዛ ስለነበር ከበር የሚገባውን ነፋስ ይከላከላል፣ ከምድጃው የሚመጣውንም ሙቀት ይይዛል። ዛሬ ዶሃ ውስጥ ምድጃው ቀርቶ ኤሲ ሲነፍስ ክንፉ አሁንም ሥራውን ይሠራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወንበር ውስጥ የብረት ሞላ መግባት ጀመረ። ከዚያ በፊት የወንበር ሆድ የሚሞላው በፈረስ ጭራ፣ በሱፍ ወይም በላባ ነበር። ሞላው ሲገባ መቀመጫው ወፈረ፣ ተነፋ። በቆዳ ተለብጦ በአዝራር ወደ ውስጥ እየተወጋ የተሠራው «ቼስተርፊልድ» የተባለው ሶፋ የዚያ ዘመን መታወቂያ ነው። በየአዝራሩ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመውን አቧራና የቴምር ፍርፋሪ በጣት ስታወጡ የኖራችሁ ይህን ሶፋ በሚገባ ታውቁታላችሁ።

ከቤተ መንግሥት ወደ ፋብሪካ

ወንበርን ከነገሥታት እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው ካደረሱት አንዱ ሚካኤል ቶኔት የተባለ አናጺ ነው። በጀርመን ተወልዶ በኦስትሪያ የሠራው ቶኔት እንጨትን በእንፋሎት እያለሰለሰ ማጉበጥ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው 14 ቁጥር ወንበሩ ከ6 የእንጨት ቁራጭ፣ ከ10 ብሎንና ከ2 ዳዶ ብቻ የሚገጣጠም ነበር። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባል። በየካፌው የምናየው ክብ መቀመጫና ጎባጣ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር የእሱ ልጅ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ተጨመረ። ማርሴል ብሮየር የተባለው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ሰው የብስክሌቱን መሪ አይቶ፣ ከጎበጠ የብረት ቱቦና ከተወጠረ ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ወንበር ሠራ። በ1929 ሉድቪግ ሚስ ፋን ደር ሮህና ሊሊ ራይክ ለባርሴሎና ኤግዚቢሽን ያዘጋጁት በኤክስ ቅርጽ የተሻገረ የብረት እግርና የቆዳ ትራስ ያለው ወንበር ዛሬም በባንኮችና በሆቴሎች እንግዳ መቀበያ ይታያል። በ1956 አሜሪካዊያኑ ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ ከጎበጠ ኮምፔንሳቶና ከጥቁር ቆዳ የሠሩት የማረፊያ ወንበር ከነእግር ማሳረፊያው በሀብታም ቤቶች የንባብ ክፍል ውስጥ የተለመደ ነው። በ1958 ደግሞ ዴንማርካዊው አርነ ያኮብሰን ለኮፐንሃገን ሆቴል የሠራው እንቁላል የመሰለ ወንበር ወጣ፤ ሰው ሲቀመጥበት እቅፍ ያደርጋል።

ከእነዚህ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች አብዛኞቹ «ቪንቴጅ» ይባላሉ፤ የአንድ ዘመን መልክ የያዙ ነገር ግን ገና መቶ ዓመት ያልሞላቸው ማለት ነው። «አንቲክ» ወይም ጥንታዊ የሚባለው በተለምዶ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ሦስተኛው ዓይነት ቅጂ ነው፤ ትናንት ተሠርቶ የጥንት የሚመስል።

የተጣለው ወንበር

ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋር የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአዲስ መልክ ስትሠራ፣ የስዊዙ ተወላጅ ፒየር ዣንሬ ከባልደረቦቹ ጋር ለመሥሪያ ቤቶቿ የቲክ እንጨት ወንበሮች ነደፈ። እግራቸው እንደ ተገለበጠ ቪ የቆመ፣ መቀመጫቸው በስስ ሸንበቆ የተጠለፈ ነው። የሠሯቸው የአገሩ አናጺዎች ናቸው። ዓመታት ሲያልፉ ወንበሮቹ አረጁ፣ ሸንበቆው ተበጠሰ። በየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያና ጓሮ ተከመሩ፣ በርካሽ ዋጋ እንደ ቁራጭ እንጨት ተሸጡ። የውጭ ነጋዴዎች ገዝተው ጠገኑና በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታ አንዱን ወንበር በብዙ ሺህ ዶላር ሸጡት። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 የቻንዲጋር ቅርስ ዕቃዎች እንዳይሸጡና ከአገር እንዳይወጡ ትእዛዝ ሲሰጥ ብዙዎቹ ሄደው አልቀው ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በምክንያት ነው። አንድ ዕቃ ዋጋው የሚጠፋው ሲያረጅ አይደለም። ዋጋውን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሲጠፋ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

ጥንታዊ ነው ወይስ ቅጂ?

በሳሎኑ ያለው ወርቃማ ወንበር ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ግብፅ ውስጥ ድምያጥ የምትባለው ከተማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ የፈረንሳይ ነገሥታትን ወንበር የሚመስል የሳሎን ዕቃ በብዛት የሚሠራባት እሷ ናት። ግብፃውያን ራሳቸው በንጉሥ ፋሩቅ ዘመን የተስፋፋውን ይህን ከመጠን ያለፈ ወርቃማ ስልት በቀልድ «ሉዊ ፋሩቅ» ይሉታል።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች ከፊት ሳይሆን ከሥር ናቸው። ለጽዳት ወንበሩን ስታዘነብሉ ሥሩን ተመልከቱ።

ጨርቁ የተያዘው በስቴፕለር ሽቦ ከሆነ አዲስ ነው፣ ወይም ጨርቁ በቅርቡ ተቀይሯል። በእጅ የተመታ ትንንሽ ምስማርና የብዙ አሮጌ ምስማር ቀዳዳ ካለው ዕድሜ አለው። ውስጡ ስፖንጅ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ የፈረስ ጭራ ከሆነ የቆየ ነው። በእጅ የተጠረበ እንጨት ሥሩ ፍጹም ልሙጥ አይሆንም፤ በጣት ሲነካ ጎርበጥ ይላል። እውነተኛ እርጅና ደግሞ የሚታየው እጅ በሚያርፍበትና እግር በሚነካው ቦታ ነው። በሁሉም በኩል እኩል ያረጀ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ካያችሁ በኋላ ግን «ማዳም፣ ይሄ እኮ ቅጂ ነው» አትበሉ። ያወቁትን ሁሉ መናገር ግድ አይደለም።

እጃችን ላይ እንዳይበላሽ

ብዙ እህቶችን የሚያስጨንቀው ነገር ውድ ዕቃ ተበላሽቶ በእነሱ ላይ መሳበቡ ነው። የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ዕቃውንም እናንተንም ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያው፣ ከመንካት በፊት ማየት ነው። ስንጥቅ፣ የተነሣ ቅብ ወይም የሚነቃነቅ እግር ካያችሁ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማዳምን ጠርታችሁ አሳዩ። ከተሰበረ በኋላ «ቀድሞም ነበር» ማለት ብዙ አያስኬድም። ቀድሞ ማሳየት ግን ሁለታችሁንም ከነገር ያድናል። ፎቶ ማንሳት ካስፈለገ አስፈቅዱ፤ የሰው ቤት ፎቶ ቲክቶክ ላይ መውጣት ሌላ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው፣ ወንበርን በክንዱ ወይም በመደገፊያው አታንሱ፣ አትጎትቱም። የጥንታዊ ወንበር ደካማ ቦታው መገጣጠሚያው ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለውን እንጨት በሁለት እጅ ይዛችሁ አንሱ። ከባድ ከሆነ ሁለተኛ ሰው ጥሩ።

ሦስተኛው፣ ወርቃማ ቅብ ውኃ አይወድም። የድሮው ወርቅ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ በሙጫና በኖራ መሰል ነጭ ልስን ላይ የተለጠፈ ነው። እርጥብ ጨርቅ ሥሩን ያሟሟዋል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ ይበቃል፤ እሱም በቀስታ።

አራተኛው፣ በረኪናና የእጅ ሳኒታይዘር ከጥንታዊ እንጨት ይራቁ። የድሮ እንጨት ብዙ ጊዜ የተቀባው በአልኮል በሚሟሟ ቀለም ስለሆነ አልኮል ያለበት ነገር ሲፈስበት ነጭ እድፍ ይተዋል። ትኩስ የሻይ ብርጭቆም እንዲሁ።

አምስተኛው፣ ከፋይ አቅጣጫ አለው። በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። አቧራውን በሚለሰልስበት አቅጣጫ አንሱ። ቫኪዩሙን በዝቅተኛ ኃይል አድርጋችሁ፣ አፉ ላይ ለስላሳ ብሩሽ ገጥማችሁ ተጠቀሙ። አንድ ነገር ከፈሰሰበት አትፈትጉት፤ ነጭ ደረቅ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ እርጥበቱን አስመጥጡት።

ስድስተኛው፣ የቡኹር ፍም ነው። እንግዳ ሊመጣ ሲል ማጨሻውን ይዞ በወንበሮቹ መሐል መዞር የተለመደ ነው። አንዲት የፍም ፍንጣሪ ከፋይ ላይ ካረፈች ቀዳዳው አይጠገንም። ማጨሻውን ከሥሩ ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ያዙት፣ ከወንበሩም በላይ አታሳልፉት።

ሰባተኛው ፀሐይና ኤሲ ነው። የዶሃ ፀሐይ ጨርቅ ያነጣል፣ ቀጥታ የሚነፍስ ኤሲ ደግሞ እንጨት ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። መጋረጃውን በቀትር ዝጉ፤ ወንበሩ ኤሲው ፊት ለፊት ከሆነ ለባለቤቷ ንገሩ። እንዲህ ያለውን የምታስተውል ሠራተኛ ዕቃ አዋቂ ትባላለች፤ ለቀጣይ ሥራም ስም ይሆናታል።

የእኛስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። «መንበር» የመጣው ከዚያ ነው፤ «ወንበር»ም፣ «ሊቀመንበር»ም ዘመዶቹ ናቸው። በመስጊድ ኢማሙ ዓርብ ኹጥባ የሚያደርግበት ከፍ ያለ ቦታ «ሚንበር» ይባላል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህ የአረብኛ ቃል ከግዕዙ መንበር የተወሰደ ነው ይላሉ። ሶፋን ከዚህ አካባቢ ብንወስድም እኛም አንድ የመቀመጫ ቃል ሰጥተናል ማለት ነው።

ቃሉ ብቻ አይደለም። አክሱም ውስጥ የጥንት የድንጋይ መንበሮች መሠረት ዛሬም ይታያል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከዘመቻው በኋላ መንበር ማቆሙን በድንጋይ ላይ አስጽፏል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮስማስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ያየውን የእብነ በረድ መንበር ገልጾ ጽፏል። ዙፋንን «አልጋ» ብለን የምንጠራውም እኛ ነን፤ «አልጋ ወራሽ» የሚለው ማዕረግ ከዚያ ነው የመጣው። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የገባ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን የተቀረጸ ትልቅ የእንጨት ዙፋን ያያል።

ከሁሉ የሚያምረው ግን የተራው ሰው መቀመጫ ነው። የጅማን በርጩማ አስቡት። ሦስት እግሩ፣ ጎድጎድ ያለው መቀመጫው፣ አንዳንዴም መደገፊያው ሳይቀር ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል። ምስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። ቶኔት 6 ቁራጭና 10 ብሎን ላይ ሲያደርሰው ዓለም አጨበጨበለት፤ የጅማ ጠራቢ አንድ ቁራጭና ዜሮ ብሎን ላይ ነው። እግሩ ሦስት የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ይንገዳገዳል፣ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ አይነቃነቅም። ጎጃምና ጎንደር ያደግን ደግሞ ከግድግዳው ጋር የተሠራውን የጭቃ መደብ፣ በጠፍር የተጠለፈውን አልጋና ቡና የሚፈላበትን ዱካ እናውቃለን።

ዛሬ እነዚህ ከየቤቱ እየወጡ ነው። ከዚህ በላክነው ብር እናቶቻችን ቤት አዲስ ሶፋ ገባ፤ ደግ አደረገ፣ የልፋታችን ፍሬ ነው። ግን ሶፋው በገባ ቀን የአያት በርጩማ ለቆራሌ ተሰጠ፣ ወይም ለልዋጭ በፕላስቲክ ጆግ ተለወጠ። ለልቅሶና ለሠርግ ድንኳኑን የሞላው ፋብሪካ በአንድ ቅርጽ አፍስሶ በደቂቃ የሚያወጣው የፕላስቲክ ወንበር ነው። የቻንዲጋርን ታሪክ ያነሣነው ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትደውሉ ከጤናና ከብር ወሬ በኋላ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የአያቴ በርጩማ የት አለ? ካለ አትስጡት በሉ። ውኃ የማይነካው፣ ምስጥ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አሮጌና ታሪካዊ ዕቃን ከአገር ማውጣት ደግሞ ከቅርስ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አትርሱ። «አምጪልኝ» የሚል ሰው ቢኖር ሻንጣ ውስጥ ከማስገባት በፊት ይጠየቅ።

ማን ይቀመጣል፣ ማን ይቆማል?

በመጅሊስ ቡና የሚቀዳው ሰው ቆሞ ነው። ጀበናውን በግራ፣ ፍንጃሉን በቀኝ ይዞ እንግዶቹን ይዞራል። በእኛ ደግሞ ቡና የምታፈላዋ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ እሷን ከቦ ይቀመጣል። ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ማንም አይነሣም። ታላቅ ሰው ሲገባ ደግሞ «ኖር!» ብሎ ብድግ ማለት የእኛ ወግ ነው፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣል። ሁለቱም ወግ የራሱ ክብር አለው። ግን በወጉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነገሩ ወግ መሆኑ ይቀራል።

ለዚህ ነው ሙሸይሪብ የምትሄዱ ሁሉ ከረድዋኒ ቤት ሌላ ቢን ጀልሙድ ቤትንም እንድታዩ የምንመክረው። ቤቱ በአንድ ወቅት የባሪያ ነጋዴ ቤት ነበር። ዛሬ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ የነበረውን የባሪያ ንግድ ታሪክ ይናገራል። ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር፣ ተወስደው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። በኳታር ባርነት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። አገሩ ይህን የራሱን ታሪክ በአደባባይ ማሳየቱ ሊመሰገን ይገባል። እኛም በአገራችን ባሪያ ሸጠን እንደነበር፣ ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ ማዕድ ቤት ጥግ እንደምትቀመጥ ሳንረሳ ነው ይህን የምንለው።

የዛሬዋ የቤት ሠራተኛ ግን በኮንትራት የመጣች፣ ሕግ ያላት ሰው ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በመሐሉ ለምግብ፣ ለጸሎትና ለእረፍት ጊዜ እንዲሰጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። መቀመጥ በቸርነት የሚሰጥ ስጦታ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የሙዚየሞቹ ሰዓት በዓርብና በሌሎች ቀናት ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱንና የመግቢያውን ሁኔታ አጣሩ። እዚያው አካባቢ ኤም ሴቨን የተባለው የዲዛይን ማዕከልም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያው የዶሃ ዲዛይን ቢናሌ ሲካሄድ የአረብ ዲዛይነሮች ሥራ የታየው በዚያ ነው። የወንበር ነገር ዓይናችሁን ከሳበው ገብታችሁ ያለውን ኤግዚቢሽን ተመልከቱ።

ከዚያ በኋላ በረሃት ሙሸይሪብ ጥላ ሥር ካሉት መቀመጫዎች አንዱን ምረጡ። ሥሩን አታዩ፣ አቧራውን አትጥረጉ፣ ትራሱንም አታስተካክሉ። ቦርሳችሁን አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ ተቀመጡ። ታላቅ እህት ከሜትሮው ስትወጣ ካያችሁ ደግሞ «ኖር!» በሉና ቦታ ልቀቁላት።